እስረኛን አንቱ ይሉ የነበሩት ሲስተር

ሲስተር አስካለ ማረፋቸውን የነገረኝ ወዳጆ ነው። ወዳጆ ዱሮ አብሮኝ የሠለጠነ የወህኒ ቤት ዘበኛ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቶ ኮልፌ ገበያ አጠገብ ይኖራል። ዓለም ባንክ መንገድ ዳር ካለችው የጎሚስታ ሥራዬ ድረስ መጣና፣ ገና ከመኪና ሥር ሳልወጣ፣ "ተሻለ፣ ሲስተር ትናንት አረፉ" አለኝ። ወጥቼ እጄን በጨርቅ ስጠርግ ሁለታችንም ሳናስበው ወደ መንገዱ ዞረን፣ የሚሰማን ሰው እንዳለ አየን። የሚሰማ ካድሬ ከጠፋ ስንት ዘመኑ ነው። የሳቸው ስም ሲነሳ ግን ዛሬም ድምፃችን ዝቅ ይላል።

ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። የተወለዱት ቦንጋ አካባቢ መሆኑ፣ በነርስነት መመረቃቸው፣ በየክፍለ ሀገሩ ማገልገላቸው ተነገረ። እኔ የማውቀው ግን አልተነገረም። ሊነገርም አይችልም፤ እዚያ ከቆመው ሰው የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ያኔ እኔ ገና ጢሜ በወጉ ያልወጣ ፖሊስ ነበርኩ። ቀይ ሽብሩ አብቅቷል ይባል ነበር። ይባል ነበር እንጂ ያመነው ሰው አላየሁም። ላንድሮቨር ሰፈር ውስጥ ገብቶ ፍጥነቱን ሲቀንስ እናቶች የልጆቻቸውን ስም እየጠሩ ወደ ቤት ያስገባሉ፤ መኪናው አልፎ ከሄደ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ የሚያወራ አይኖርም። እኔ የደንብ ልብስ የለበስኩት ሰውዬም እንደነሱ እፈራ ነበር። የለበሰ አይፈራም የሚል ካለ ያን ዘመን አላየውም።

ሥልጠናው የመጣው በየእስር ቤቱ አእምሮው የታወከ ሰው በመብዛቱ ነው። እስረኛው ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል፣ ልብሱን አውልቆ ይጥላል፣ ያገኘውን ጠባቂ ይነክሳል። ጠባቂው የሚያውቀው መድኃኒት ዱላ ብቻ ነው። ከበላይ ሆኖ ይህን ያሰበበት ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ፖሊሶችን፣ የወህኒ ዘበኞችንና የክሊኒክ ጤና ረዳቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ሦስት ወር እንድንማር አደረጉን። ቦታው ከኮልፌ ገበያ ጀርባ ያለ የተወረሰ የእህል መጋዘን ነበር። ዝናብ ሲመታው ቆርቆሮው የአስተማሪውን ድምፅ ይውጠዋል።

ሲስተር አስካለ የመጀመሪያ ቀን ሲገቡ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋዋናቸው በጣም የነጣ ሴት ናቸው። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል መዝነው የሚያወጡት ይመስላል። ዕድሜያቸው ከእናቴ ብዙም አይርቅም። ገብተው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ውስጥ መክተት ነው። "በሽተኛ ዘንድ ስትገቡ አንገታችሁ ላይና እጃችሁ ላይ ምንም አይኑር" አሉ። "ፊሽካም ቢሆን። ፊሽካችሁን አውልቁ።" ፖሊሶቹ እርስ በርስ ተያየንና አወለቅን።

ከኋላ ጥግ ላይ ጓድ ስንታየሁ ተቀምጦ ነበር። ቀበሌዎቹን የሚያዝዘው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ካድሬ ነው። በየቀኑ ይመጣል፣ መነጽሩን በመሐረብ ይወለውላል፣ ያዳምጣል። ሲናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም። ጮሆ ቢናገር ኖሮ ያን ያህል ባልፈራሁት።

"እስረኛውን አንቱ በሉት" አሉን ሲስተር በዚያው ቀን።

ክፍሉ ሳቀ። በላይ የሚባል ወፍራም ሃምሳ አለቃ ነበር፤ "ሌባውንም ሲስተር?" አለ።

"ሌባውንም። አንተ እያሉ እጅ ማንሳት ቀላል ነው። አንቱ እያልክ ለመማታት ሞክር፤ ምላስህና እጅህ ይጣላሉ።"

በላይ መሳቅ ጀምሮ ተወው።

ብዙ ነገር አስተማሩን። በሽተኛው ያለበት ክፍል በር ላይ አትገተሩ፣ መውጫ የሌለው ሰው ይነክሳል። ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ዞራችሁ ተቀመጡ። መዳፋችሁ ይታይ። ከመንካታችሁ በፊት ልነካዎት ነው በሉ። አዘውትረው የሚሉት ግን አንድ ነገር ነበር፦ "ክፍሉ ውስጥ ሁለት የፈሩ ሰዎች አሉ፤ በሽተኛውና እናንተ። ከሁለቱ አንዱ ፍርሃቱን ቀድሞ ማስቀመጥ አለበት። ደሞዝ የሚበላው ያስቀምጥ።"

አንድ ቀን ሃምሳ አለቃ በላይን ወንበር ላይ አስቀምጠው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። እጁን ወደ ኋላ በገመድ አሰሩት። ከዚያ እኛን ከኋላው ቆማችሁ ዝም በሉ አሉን። ቆምን። መጀመሪያ ላይ በላይ ይቀልድ ነበር። ቆይቶ ዝም አለ። ቆይቶ አንገቱን ለማዞር መታገል ጀመረ። ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ሲረጥብ አየነው።

"ፍቱኝ" አለ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

ሲስተር ራሳቸው ፈቱት። "ምን ተሰማህ?"

"ከኋላዬ ማን እንዳለ አላወቅሁም።"

ያን ጊዜ ከመካከላችን የሌላ ሰው ፊት ያየ አልነበረም። ሁላችንም በየጣቢያችን ሰው እንደዚያ ታስሮ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲቀመጥ አይተናል። ከኋላው የቆምነው እኛ ነበርን።

ጓድ ስንታየሁ ከጥግ ሆኖ፣ "ጓድ ሲስተር፣ ይህ ትምህርት ለፀረ አብዮተኞችም ይሠራል?" ብሎ ጠየቀ።

ሲስተር ገመዱን እየጠቀለሉ፣ "እኔ የማውቀው የታመመና ያልታመመ ነው። ሌላውን መለየት የእርስዎ ሥራ ነው" አሉ።

ጓድ ስንታየሁ መነጽሩን አውልቆ ወለወለ። ያን ቀን ከሥልጠና ስንወጣ ከሲስተር ጋር እስከ ፌርማታው አብሮ ለመሄድ የደፈረ ሰው አልነበረም። ብቻቸውን በዘነበወርቅ ውይይት ታክሲ ተሳፍረው ሲሄዱ ከሩቅ አየናቸው።

መርዕድ የሚባል ልብስ ሰፊ በሰፈራችን ነበር። ሱቁ መንገድ ዳር ነው፤ ዝምተኛ፣ ከስፌት መኪናው ቀና የማይል ሰው። አንድ እሑድ ጠዋት ቀበሌው ስብሰባ ጠርቶ ንግግር እየተደረገ ሳለ ይህ ሰው ከመቀመጫው ተነሳ። "እባካችሁ ተነሱላቸው" አለ በለሰለሰ ድምፅ። "የሞቱት መጥተው ቆመዋል። ወንበር ልቀቁላቸው።"

አጠገቡ የነበረች ሴት ተነሳች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። ከዚያ ወደ ኋላ ሌሎች ተነሱ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ያልሞተበት ጥቂት ነው። ባዶ ወንበሮች በየመሃሉ ታዩ። ጥበቃዎቹ መርዕድን ጎትተው ሲያወጡት የተነሱት ሰዎች ገና እንደቆሙ ነበር።

በማግሥቱ ጓድ ስንታየሁ ሥልጠናው መሃል ገባ። "እብድ ነው ይላሉ" አለ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ። "እብድ ሲናገር ሰው ይስቃል እንጂ አይነሳም። ይህ የተጠና ሥራ ነው። ጓድ ሲስተር፣ ተማሪዎችዎን ይዘው ይምጡ፣ በተግባር ይዩት። ታሞ ከሆነ ሆስፒታል ይሄዳል። እያስመሰለ ከሆነ እርምጃ ይወሰድበታል። የሚናገሩት እርስዎ ነዎት።"

"አንድ ጊዜ በማየት አይታወቅም" አሉ ሲስተር።

"ዛሬ ይታወቃል።"

እርምጃ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

የከፍተኛው ግቢ በር ላይ የመርዕድ ባለቤት፣ ጽጌ፣ የስንቅ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ ቆማ ነበር። ስናልፍ የሲስተርን ጋዋን አይታ ልትናገር አፏን ከፈተች። ጥበቃው "ወደዚያ" አላትና ገፋ አደረጋት። አለፍን።

መርዕድ የታሰረበት ክፍል ዱሮ የማገዶ ማስቀመጫ የነበረ ነው። ሲስተር በሩ ክፍት እንዲሆን ጠየቁ፤ ሌሎቹ ግቢው ውስጥ ራቅ ብለው ቆሙ። እኔን በሩ አጠገብ፣ ወደ ጎን አቆሙኝ። ሰዓታቸውን ፈትተው ለእኔ ሰጡኝ። ሲሰጡኝ ጣታቸው ቀዝቃዛ ነበር።

ገብተው መሬት ሊቀመጡ ሲሉ መርዕድ፣ "እዚያ ሰው አለ" አላቸው።

"ይቅርታ" አሉ ሲስተር። ወደ ሌላኛው ጥግ አመለከቱ። "እዚህስ?"

"እዚያ የለም።"

ወደ ጎን ዞረው ተቀመጡ። "አስካለ እባላለሁ። ነርስ ነኝ። ልጎዳዎት አልመጣሁም።"

አንቱ ሲባል ቀና አለ። ከታሰረ ወዲህ እንደዚያ ያናገረው ሰው አልነበረም። ስለ እንቅልፉ ጠየቁት፣ ስለ ምግቡ ጠየቁት፤ ባጭር ባጭሩ መለሰ። ከዚያ ወደ እሳቸው ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። እኔ ካለሁበት ይሰማል።

"ሲስተር፣ እያስመሰልኩ ነው። ጤነኛ ነኝ። ለማንም አይንገሩብኝ።"

ሰዓታቸውን በእጄ ጨበጥኩ። ሲስተር ግን ፊታቸው አልተለወጠም። ምንም እንዳልሰሙ ሁሉ ትንሽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ድምፅ ይሰማዎታል? ሌላ ሰው የማይሰማው?" እያሉ መጠየቃቸውን ቀጠሉ። ሲነሱ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

ወጡና ጓድ ስንታየሁ ፊት ቆሙ። "ታመዋል" አሉ። "በጣም ታመዋል።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ነኝ።"

"እያስመሰለ መሆኑ ቢረጋገጥስ?"

"ያኔ እሳቸው የተቀመጡበት እኔን ያስቀምጡኝ።"

ጓድ ስንታየሁ ይህን ሲሰማ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ በሩ ላይ ነበርክ። ሲያንሾካሽክ ምን አላቸው?"

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። "ስለ ሞቱት ነው ያወራው ጓድ።"

"ምን ብሎ?"

"ውሃ ጠምቷቸዋል አለ።"

ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጓድ ስንታየሁ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ሲስተር አላዩኝም፤ እጃቸውን ዘርግተው "ሰዓቴን" ብቻ አሉ።

መርዕድን ወደ ሆስፒታል ስንወስደው ለጥበቃ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። ሲስተርም የሚሠሩበት ሆስፒታል ነው። ከአልጋው አጠገብ ሌላ ሰው እንደሌለ ካዩ በኋላ ወደ እኔ መጡ።

"ሰምተሃል አይደል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲህ ሦስት ሆንን።"

ዝም በል አላሉኝም። ለምን እንደዚያ እንዳደረጉም አልነገሩኝም። ወደ መርዕድ ተመለሱና አልጋው አጠገብ ወደ ጎን ተቀመጡ። "ሊያዩዎት ይመጣሉ" አሉት። "ጤነኛ ሰው የታመመ መስሎ ብዙ ቀን መቆየት አይችልም። ይህን መድኃኒት ይውሰዱ። አፍዎ ይደርቃል፣ ሰውነትዎ ይገተራል፣ ምራቅዎ ይወርዳል። ከባድ ነው። ያኔ ግን ማንም አይጠራጠርም።"

መርዕድ ክኒኖቹን መዳፉ ላይ ትንሽ አያቸውና ዋጣቸው።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ሳምንታት በሕይወቴ ከሁሉ የከፉ ናቸው። ጣቢያ ውስጥ ስሜ ሲጠራ መጀመሪያ ወደ በሩ አያለሁ። ሰው ከኋላዬ ሲራመድ መንገድ እለቃለሁ። ሲስተር ግን በየቀኑ መጋዘኑ ውስጥ እየመጡ ያስተምሩ ነበር፤ ጓድ ስንታየሁም በየቀኑ ጥጉ ላይ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ጠመኔው በእጃቸው ላይ ተሰበረ። ስባሪውን አንስተው ቀጠሉ። ያን ያየሁት እኔ ብቻ መሰለኝ፤ ወደ ኋላ ዞሬ ለማረጋገጥ ግን አልደፈርኩም።

ጓድ ስንታየሁ ሆስፒታል የመጣው ሳይናገር ነው፤ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ መርዕድ አልጋ ላይ ባረፈበት ሰዓት። መርዕድ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል። ዓይኑ ክፍት ነው፣ ምራቁ በአገጩ ይወርዳል፣ እጆቹ ከጭኑ ላይ እንደ እንጨት ተጋድመዋል። ጓድ ስንታየሁ ቀረበና አየው። ዞሮ ከጀርባው ያለውን የብረት ቁምሳጥን በድንገት በጡጫ መታው። እኔ ዘለልኩ። መርዕድ አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ። "ባለቤትህን ዛሬ ጠዋት አስረናታል" አለው።

ውሸት ነበር፤ ጽጌን ከአንድ ሰዓት በፊት ግቢው ውስጥ አይቻታለሁ። መርዕድ ግን ይህን አያውቅም። ፊቱ አልተለወጠም። ግራ እጁ ላይ አውራ ጣቱ ብቻ ተንቀሳቀሰች፤ ተነስታ ወደቀች፣ እንደገና ተነሳች። ሲስተር ሁለት እርምጃ ቀርበው፣ "ልነካዎት ነው" አሉና እጁን ያዙ። የልብ ምቱን የሚቆጥሩ መስለው አውራ ጣቱን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ከንፈራቸው እየቆጠረ ነበር። እውነት ይቁጠሩ፣ ይጸልዩ፣ አላውቅም።

ጓድ ስንታየሁ ቀና ብሎ መነጽሩን አወለቀ። ወለወለው። "ይብቃ" አለ፤ ሄደ።

ሲስተር የመርዕድን እጅ ሳይለቁ ረጅም ጊዜ ቆዩ።

መርዕድ ከወራት በኋላ ተፈታ። ተፈታ ይባል እንጂ የወጣው ሰው ሌላ ነበር። ከንፈሩ ሳያቋርጥ ያኝካል፣ ምላሱ ይወጣል ይገባል፣ ጣቶቹ መርፌ አይዙም፤ መድኃኒቱ ትቶበት የሄደው ነው። ስፌቱን ጽጌ ያዘች። ሲስተርን ሥልጠናው እንዳለቀ ራቅ ወዳለ ክፍለ ሀገር አዛወሯቸው፤ ቅጣት ይሁን ሹመት የተናገረ የለም። ጓድ ስንታየሁም ወደ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አልሰማሁም።

ሲስተር የተመለሱት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እኔም ፖሊስነቱን ትቼ ጎማ መጠገን ጀምሬ ነበር። ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። "ተሻለ፣ መርዕድ ቤት ውሰደኝ" አሉኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ወደ ኋላ የሚመለሱ መሰለኝ፤ ነጠላቸውን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ። ካድሬ ፊት እንደዚያ ሲሆኑ አላየኋቸውም ነበር።

ጽጌ ወንበር ሰጠችን። መርዕድ ከንፈሩን እያኘከ ከፊታችን ተቀመጠ።

"ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት" አሉት ሲስተር። "ጤነኛ ሰው መሆንዎን እያወቅሁ ያን ሁሉ መድኃኒት አስዋጥኩዎት።"

መርዕድ ባለቤቱን አያት። ጽጌ "ንገራቸው እንጂ" አለችው።

"ሲስተር" አለ መርዕድ፣ ቃላቱ በምላሱ እየተደናቀፉ፣ "እኔ ጤነኛ አልነበርኩም። ስብሰባው ላይ አይቻቸዋለሁ። እውነቴን ነው። እስር ቤቱም ውስጥ አብረውኝ ነበሩ።"

ሲስተር ወደ እሱ ጠጋ ብለው፣ "ታዲያ እያስመሰልኩ ነው ያሉኝ ለምንድን ነው?" አሉ።

"አንቱ አሉኝ። ጥሩ ሰው መሰሉኝ። ጥሩ ሰው እብድ ነህ እንዳይለኝ ፈራሁ።"

"እነሱን አልፈሩም? ይገድሉዎት ነበር።"

"ቢገድሉኝ ሰው ሆኜ ነው የምሞተው አልኩ።"

ጽጌ ከጓዳው በር ላይ ሆና፣ "ከመታሰሩ በፊት ሁለት ወር ሙሉ ብቻውን ሲያወራ ነበር" አለች። "ያን ቀን ልነግርዎት ነበር እዚያ በር ላይ የቆምኩት። ማን ያስገባኛል።"

ሲስተር እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀመጡ። አላለቀሱም። ስንወጣ እስከ ፌርማታው ድረስ ክንዴን ይዘው ሄዱ፤ ከዚያ በፊት ይዘውኝ አያውቁም።

ጥቂት ቆይቶ አዲስ ሥልጠና ተከፈተ፤ ወጣት ፖሊሶችና ነርሶች አንድ ላይ ሆነው ነበር። ሲስተር እኔንና ወዳጆን ጠሩን፤ ከኋላ ተቀመጥን። የመርዕድን ነገር ስሙን ሳይጠሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሯቸው። የሰሙትን፣ ያደረጉትን፣ የሱን መልስ። "ታምሜያለሁ ብሎ የሚያስመስል እንዳለ ሁሉ፣ ደህና ነኝ ብሎ የሚያስመስል አለ። ይህን ያኔም አውቀው ነበር፤ አስተምረውም ነበር። ግን ፈርቼ ስለነበር አንድ ጊዜ ሰምቼ ያዝኩት። ዳግመኛ አልጠየቅሁትም። በሩ ላይ ቆማ የነበረችውንም ሚስቱን አልጠየቅኋትም።"

አንዲት ወጣት ነርስ እጇን አወጣች። "ቢጠይቁስ ምን ይለወጥ ነበር ሲስተር? ያው ታሟል ብለው አትርፈውታል። መድኃኒቱንም ሰጥተውታል።"

"መጠኑ" አሉ ሲስተር። "ለእሱ የሚበቃው ጥቂት ነበር። እኔ የሰጠሁት ካድሬው እንዲያምን ነው።"

ሲስተር አስካለ ወደ ሰሌዳው ዞሩና የመድኃኒቱን ስም ጻፉ፤ ከሥሩም መርዕድ ሊሰጠው ይገባ የነበረውን ትንሹን መጠን።